የሸማኔው አለቃ

ባለፈው ወር ሽሮ ሜዳ፣ ባደግሁበት ቤተ ክርስቲያን፣ ለወጣቶች ስለ ሥራዬ እንድናገር ጠሩኝ። ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የዕድር ማኅተም፣ የሠርግ መጥሪያ እሠራለሁ፤ ኑሮ ሲከብድ የሻምፑ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውንም አልንቅም። ተናግሬ ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ "ሐሳቡ ከየት ነው የሚመጣልሽ?" አለችኝ። የለመድኩት ጥያቄ ስለሆነ የለመድኩትን መልስ ጀመርኩ፤ ከአካባቢያችን፣ ከባህላችን፣ ከተፈጥሮ እያልኩ። ራሴን ስሰማው ለራሴው ሰለቸኝ።

እንዲያ እየለፈለፍኩ ሳለ መዘምራኑ አዲስ የተሸመነ ልብስ ታቅፈው በአጠገቤ አለፉ። ውኃ ያልነካው የጥጥ ልብስ የራሱ ሽታ አለው፤ ድሩ እንዳይበጠስ የሚታሽበት የዱቄት ውኃ፣ በዚያ ላይ የሸማኔው ቤት እርጥበትና የሰው ላብ። ሽታው ገና አፍንጫዬን ሲነካው የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። "ቀይ" አለች፣ ቆጣ ብላ። የጀመርኩትን መልስ በአጭሩ ቋጭቼ ተቀመጥኩ። ለልጅቷ መንገር የነበረብኝ ግን የሚከተለውን ነበር።

ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በሚያልፍበት ቦይ ዳር ነበር። አባቴና እናቴ ከጨንቻ ወገን የመጡ ናቸው። አባቴን ሰፈሩ ጋሽ ማርቆስ ይለዋል፤ ሸማኔ ነው። ከሁለቱ ክፍሎቻችን አንዱ የሱ ሥራ ቤት ነበር። የሸማኔ መቀመጫ መሬት ተቆፍሮ የሚሠራ ስለሆነ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲቀመጥ፣ ከወገቡ በታች ያለው አባቴ የት እንደሚሄድ ትንሽ ሆኜ በጣም ያሳስበኝ ነበር። ማታ ሲነሣ እግሮቹ አብረውት ሲወጡ ደስ ይለኛል።

በሽመና ቤት ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። እናቴ አስቴርም ትፈትል ነበር። ልዩነቱ፣ የሌሎቹ እናቶች ፀሐይ ፈልገው ደጅ ቁጭ ብለው ሲፈትሉ የኔ እናት እንዝርቷን ይዛ እዚያው አባቴ ጎን፣ ጨለማው ውስጥ መቀመጧ ነው። የልብሱ ጠርዝ ላይ የሚገባው ባለቀለም ጌጥ፣ ጥለቱ፣ ጋ ሲደርስ እሷ ማዘዝ ትጀምራለች።

"ቀይ።"

አባቴ ያነሣል።

"አሁን አረንጓዴ። እሱን አይደለም! ከጎኑ ያለውን።"

አባቴ ይመልሳል፣ ሌላ ያነሣል። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። "ለምን አይከፈትም?" ስላት፣ "ንፋስ ክሩን ያደርቀዋል" ትለኛለች። ይህን ከልቤ አምኜ ስለነበር ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ምላሴ እንዳይደርቅ አፌን ገጥሜ እሄድ ነበር። ሰው ሰላም ሲለኝ ሁሉ አልመልስም፤ ባለጌ ልጅ ተብዬ ተወራብኝ።

በር ቢዘጋም ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። በቆርቆሮው ማዶ እትዬ ወርቄ ትኖራለች። ደጇ ላይ ሽንኩርትና ከሰል የምትቸረችር፣ ልቧ ሰፊ አፏ ደግሞ ከልቧ የሰፋ ሴት ናት። ለእናቴ "የሸማኔው አለቃ" የሚለውን ስም ያወጣችው እሷ ነች። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከጉሊቷ ላይ ሆና ትጣራለች።

"አለቃ! ዛሬስ ሠራተኛሽ እንዴት ዋለ?"

"ደኅና ነው።"

"ኧረ ተይው ትንሽ እንኳ ይተንፍስ! ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?"

"ካልነገሩት አይሠራ፣ ምን ላድርግ እትዬ ወርቄ!" ትላለች እናቴ፣ እየሳቀች።

ቧንቧው ጋ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስቃል። አባቴንም ከጀርባው አልጫ ይሉታል፣ ሚስቱ የምታዘው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ብሎ ያልፋል። እኔ ነኝ የምቃጠለው። አባቴ በሰፈሩ የተወደደ ሸማኔ ነው፤ ሥራውን ያለ ማንም ሰው እርዳታ የሚያውቀው እየመሰለኝ፣ እናቴ ዝም ብትል ምን ነበረበት እል ነበር። እናቴን የምጠላበት ነገር ቢኖር ያ ነበር።

በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ የሴቶች መዘምራን መሪያችን እህት ሰብለ ዣንጥላዋን እያራገፈች ቤታችን መጣች። ለአዲስ ዓመት ጠዋት መዘምራኑ አዲስ ነጠላ እንዲለብሱ ተወስኗል።

"ጋሽ ማርቆስ፣ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ጥለት አልፈልግም" አለችው። "የኛ ይሁን። ሰው ሲያየው 'ይሄማ የነሱ ሰፈር ነው' የሚለው ዓይነት።"

አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ነጋዴ ያመጣለትን ናሙና ነበር የሚሸምነው። ከራሱ አውጥቶ በራሱ ስም ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። እህት ሰብለ ከሄደች በኋላ ሻዩን ስኳር ሳያደርግ ጠጣው፤ አላወቀውምም። እናቴ አየችውና "ትችላለህ" አለችው። 

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ዋናው መንገድ አወጣኝ። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ። ሸክሙ ከጀርባቸው በግራም በቀኝም ወጥቶ መንገዱን ይሞላዋል፤ ታክሲዎች እንኳ ጥግ ይዘው ነው የሚያሳልፏቸው።

"ሊዲያ፣ ዓይንሽን ጠበብ አድርጊ። ልትጨፍኚው ስትይ አቁሚው" አለኝ።

አቧራ እንዳይገባብኝ የሚመክረኝ መስሎኝ ጭራሹን ጨፈንኩት።

"አይ፣ እንደሱ አይደለም። ሴትየዋን አትያት፣ ቀሚሷንም አትዪው። ቀለሙ ሁሉ ሲጠፋ ምን ይቀራል?"

ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ አንድ ዘመም ያለ መስመር ታየኝ፤ ወገቡ ላይ ጠበቅ ብሎ የታሰረ፣ ጫፍና ጫፉ የተበተነ። እጄን ዘርግቼ በአየር ላይ ሣልኩለት።

"እሱ ነው" አለ። "የቀረው ነው ጥለቱ። ቀለም እንግዳ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል።"

ዛሬም ኮምፒውተሬ ላይ ማንኛውንም ሥራ የምጀምረው በጥቁርና ነጭ ነው። ደንበኞች "ቀለሙስ?" ብለው ይጨነቃሉ። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ እስካየው ድረስ ቀለም አላስነካውም።

ቤት ተመልሰን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል ሣለው፤ ዘመም ዘመም ያሉ የባሕር ዛፍ ቅጠሎች፣ መሐላቸውን የሚያስር ቀጭን ገመድ፣ ደግሞ ቅጠል፣ ደግሞ ገመድ። እናቴ ወረቀቱን አዙራ አየችውና "ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ገመዱ ቀይ" አለች። እንደ ልማዷ አዘዘች ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ።

ሥራው ገና ከመጀመሩ ከጨንቻ ስልክ መጣ። የእናቴ እናት ታማለች። እናቴ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለች ስትንቆራጠጥ ሁለት ቀን አደረች። አውቶቡስ የምትፈራ መሰለኝና "አይዞሽ፣ ሹፌሩ መንገዱን ያውቀዋል" አልኳት። ልትሄድ ስትል የጥለቱን ክሮች ባዶ ቆርቆሮዎች ውስጥ ከፋፍላ ከተተች። አረንጓዴው ረጅሙ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቀዩ ጠፍጣፋው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። የአባቴን እጅ ይዛ አንድ በአንድ አስነካችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ቆርቆሮዎቹን ማንም እንዳያንቀሳቅሳቸው" አለችኝ። ክር ቤት እንዳለው አላውቅም ነበር። የትኛው ክር የት እንደሚተኛ ለማሳወቅ ይህን ያህል ምን አስጨነቃት ብዬ ገረመኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ በሩ እንደተዘጋ ቀረ፤ ድምፅ ግን የለም። ክሩን ግራና ቀኝ የሚያመላልሰው መወርወሪያ ቷ ቷ ሲል ብቻ ይሰማል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አባቴ አለቃ ሳይኖርበት ሲሠራ እትዬ ወርቄ እንድትሰማልኝ ፈልጌ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለልጆች የተዘጋጀ የክረምት ትምህርት ስለነበረኝ ቤት አልውልም።

እትዬ ወርቄ አፏ ቢሰፋም ልቧም ሰፊ ነው ብያለሁ። እናቴ ከሄደች ጀምሮ ምሳ ታቀብለን ነበር። አንድ ቀን ወጡን ይዛ ስትገባ አባቴ ዕቃ ሊገዛ አዲሱ ገበያ ወርዷል፤ ጣራው ደግሞ ያፈሳል። ቆርቆሮዎቹ ጠብታው ሥር ነበሩ። ምስኪን ሴት፣ ክሩ ዝገት እንዳይነካው ብላ ሁሉንም ገልብጣ፣ ቆርቆሮዎቹን አድርቃ፣ ክሮቹን መልሳ ከተተቻቸው። ረጅሙ ውስጥ ቀዩን፣ ጠፍጣፋው ውስጥ አረንጓዴውን። ማታ በግድግዳው ማዶ ሆና "ቤትህን አስተካክዬልሃለሁ ጋሽ ማርቆስ!" አለችው። አባቴም አመሰገናት።

ከሁለት ቀን በኋላ ከትምህርት ስመለስ ገብቼ ጎኑ ቆምኩ። ከደረቱ ሥር ጥለቱ ረዝሞ ተዘርግቷል። መጀመሪያ አረንጓዴ ቅጠል፣ ቀይ ገመድ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ቀይ ገመድ። ከዚያ በድንገት ቅጠሉ ሁሉ ቀይ። ገመዱ አረንጓዴ። ዛፉን ቆርጠው ሲሸከሙት የሚደርቀውን ማሳየቱ መሰለኝና አድናቆቴ ልክ አልነበረውም።

"አባዬ፣ እነዚህኞቹ ቅጠሎች ለምን ደረቁ?"

መወርወሪያው ቆመ።

"የቶቹ?"

"እነዚህ። ቀዮቹ።"

 ረጅም ጊዜ ጥለቱን አየው። ከዚያ ጣቴን ያዘና፣ "በጣትሽ ንኪልኝ። ከየት ነው የሚጀምረው?" አለኝ። ነካሁለት። ጣቴ ያረፈበትን ቦታ በጥፍሩ ጫረው። ፊቱ ላይ ላብ ነበረ፤ ቤቱ ግን ይበርዳል።

"ሊዲያ፣ ለኔ ሁለቱም አንድ ናቸው" አለኝ። "ቀይ የምትሉትና አረንጓዴ የምትሉት። ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ። እናትሽ ነች የምትለይልኝ። ነጋዴ ይህን ከሰማ ማን ክር ይሰጠኛል? ለማንም አትናገሪ።"

ልጅ ምን ይሰማል? እኔ የሰማሁት አባቴ ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን ነው። ያን ሌሊት አለቀስኩ። በማግስቱ ከፊቱ ከፊቱ እየሄድኩ ከመንገዱ ድንጋይ ለቀምኩ። ጣቶቼን አውጥቼ "ስንት ናቸው?" እለዋለሁ፤ ይነግረኛል፤ በግምት ነው ብዬ አላምነውም። እንዳይደናቀፍ ብዬ በርጩማውን ከለመደበት ቦታ ሳነሣው፣ እንደ ልማዱ ሊቀመጥ ሲል መሬት ላይ ዘፍ አለ። ያኔ ከሥቃዩ ጋር እየሳቀ አስቀመጠኝና፣ ከመስኮቱ ውጪ ያለችውን ወፍ፣ የወፏን እግር፣ ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ውኃ ሳይቀር ነገረኝ። ከኔ በላይ ያያል። የማያየው ያን አንድ ነገር ብቻ ነው።

የተሳሳተውን ሁሉ ፈታው። አዲስ ዓመት እየቀረበ ነበር። የክረምት ትምህርቴን ተውኩና የእናቴ ቦታ ላይ፣ ጨለማው ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

"ቀይ" አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበረ። "አሁን አረንጓዴ። እሱን አይደለም አባዬ፣ ከጎኑ ያለውን።"

ጥቂት ቀን እንደሠራን ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ወርቄ ሳቅ መጣ።

"ውይ ጉዴ! እናቲቱ ስትሄድ ልጅቷ ተሾመች! ጋሽ ማርቆስ፣ አንተ'ኮ ከአለቃ አታመልጥም!"

ደጅ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ።  እውነቱን ብናገር አባቴ ይጋለጣል። ዝም ብል አልጫ ይባላል። ያን ጊዜ የእናቴ መልስ ራሱ መጣልኝ።

"ካልነገሩት አይሠራ፣ ምን ላድርግ!" ብዬ ጮኽኩ።

ሳቁ ጨመረ። እናቴ ቧንቧ ጋ ቆማ በሳቀች ቁጥር ምን ትውጥ እንደነበር ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። አልሳቀም። መወርወሪያውን ይዞ እኔን ያያል።

ነጠላዎቹ አለቁ። እናቴ በበዓሉ ዋዜማ ተመለሰች፤ አያቴ ተሽሏት ነበር። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ገብታ ጥለቶቹን ከዳር እስከ ዳር አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "በሩን ዘግተሽ ነው የሠራሽው?" አለችኝ። "አዎ፣ ክሩ እንዳይደርቅ" አልኳት። ጭንቅላቴን ወደ ሆዷ ጎትታ አቀፈችኝ። መንገድ መንገድ ትሸት ነበር።

የአዲስ ዓመት ጠዋት መዘምራኑ ወጡ። ከመሐላቸው አበበች የምትባል፣ በሥራ ቀን ከእንጦጦ ቅጠል የምትሸከም ሴት ነበረች። መዝሙሩ ሊጀመር ሲል የነጠላዋን ጠርዝ አንሥታ በጣቷ ተከተለችው፤ ቅጠሉን፣ ገመዱን፣ ቅጠሉን። ከዚያ ጎኗ ላለችው፣ ሹክ ያለች መስሏት ጮክ ብላ፣ "ይሄማ ሸክሜ ነው! ተሸልሜ መጣሁ እኮ!" አለች። አዳራሹ ሁሉ ሰማት። የሚስቅም የሚያለቅስም ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን በዓመቱ መግቢያ ሰው እየተነሣ ይመሰክራል፤ የዳነ ስለ መዳኑ፣ ሥራ ያገኘ ስለ ሥራው። እህት ሰብለ አባቴን አመስግና ልትቀመጥ ስትል እሱ ተነሣ። በሕይወቱ ሰው ፊት ቆሞ አያውቅም። እናቴ ኮቱን ያዘችው። ቀስ ብሎ አስለቀቃት።

"ወገኖቼ፣ መናገር አልችልበትም" አለ። "ቅርጹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱን አልክድም። ቀለሙን ግን አላየሁትም። ቀይና አረንጓዴ አልለይም።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ከልማድ "ሃሌ ሉያ!" አሉ፤ ወዲያው ግራ ገብቷቸው ዝም አሉ።

"ይህን ሁሉ ዓመት የምትለይልኝ አስቴር ናት። አለቃ እያላችሁ ሳቃችሁባት፣ እሷም አብራችሁ ሳቀች። የኔ ስም እንዳይወድቅ የራሷን አስረገጠች። ዓይኔ ናት እንጂ አለቃዬ አይደለችም። ምስክርነቴ ይኸው ነው።"

ቁጭ አለ።  እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ከፊት ሄደች፤ አደይ አበባ የያዙ ልጆች እየዘፈኑ ከበቡን፣ አላየቻቸውም። ቦዩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

"ማን ተናገር አለህ? እኔ ለመንኩህ? ነገ ነጋዴው ሲሰማ ልጅህን ምን ልታበላት ነው?"

"አስቴር" አለ አባቴ። "ባንቺ ሲስቁ እኔ ለምጄው ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ለምጄው ነበር። በሊዲያ ሲስቁ ስሰማ ነው ምን እንዳደረግኩሽ ያወቅኩት።"

 እኔ መሐላቸው ቆሜ የሁለቱንም እጅ ያዝኩ።

የፈራችውም አልቀረም። ብዙ ሥራ ይሰጠው የነበረው ነጋዴ ከዚያ በኋላ ደጃችን አልደረሰም፤ እስከ ጥምቀት ድረስ ሽሮ በሽሮ ሆንን። ያንን መደበቅ አልፈልግም።

የአዲስ ዓመት በዓል ባለፈ ማግስት ግን አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፣ እናቴ እንዝርቷን ይዛ መጣች። በሩ ጋ ቆመች። እጇ መዝጊያው ላይ ነበር። ከዚያ ግራና ቀኙን ወለል አድርጋ ከፈተችው። የመስከረም ፀሐይ እስከ አባቴ ደረት ድረስ ገባ። ክሩ ይደርቃል ብዬ ልጮህ ነበር።

"ቀይ" አለች፣ ለመንገዱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ።

እትዬ ወርቄ ወሬውን በበዓሉ ዕለት ሰምታ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ ቀና ብላ አላየችም ነበር። አሁን ከጉሊቷ ተነሥታ፣ እጇን በመቀነቷ እየጠራረገች መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።  አባቴ ያነሣውን ክር ትኩር ብላ አየችው።

"አስቴርዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ይሄኛው እንኳ ቀይ አይደለም፤ ወደ ብርቱካን ይላል።"

"የምን ብርቱካን? ቀይ ነው!"

"ኧረ ብርቱካን ነው፤ እስቲ ወደ ፀሐዩ አውጪው!"

ሁለቱ ደጃፉ ላይ ክሩን ግራና ቀኝ ይዘው ሲከራከሩ አባቴ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ አየኝ።

"አሁንስ አለቃ በዛብኝ" አለ።

እናቴ እየሳቀች እትዬ ወርቄን በርጩማ አቀረበችላት። በሩን ከዚያ ቀን ወዲህ አልዘጋችውም።